ታካሚን ለማስተማሪያ ፎቶ ማንሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በማስተማሪያ ሆስፒታሎችና በሕክምና ትምህርት ቤቶች ታካሚዎችን ፎቶ ስለ ማንሳት የሚጠይቁ ናቸው። ከመካከላቸው አምስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አውጥተን፣ አሳጥረን አቅርበናቸዋል። መልሶቹን የምጽፈው እኔ ረጅም ዘመን በሐኪምነትና በመምህርነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ካሜራ ይዤ በታካሚ አልጋ አጠገብ የቆምኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም፤ ከዚህ በታች ከምነቅፈው አንዳንዱን ራሴም አድርጌዋለሁ። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለሁ ተለማማጅ ሐኪም ነኝ። በቅርቡ ራውንድ ላይ፣ ማለትም ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞርን በምናይበት ሰዓት፣ አስተማሪ ሐኪማችን የአንድን ታካሚ የእግር ቁስል በስልኬ አንስቼ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንድለጥፈው አዘዙኝ። «ፈቃዱን መጠየቅ የለብንም ወይ?» ብላቸው፣ «ፊቱ አይታይም፤ ደግሞም ማስተማሪያ ሆስፒታል የመጣ ሰው ለትምህርት ፈቅዷል» አሉኝ። አነሳሁት፤ ለጠፍኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስህተት ሠርቻለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ስህተት ተሠርቷል፤ የስህተቱ ትልቁ ድርሻ ግን የእርስዎ አይደለም። እንቅልፍ ያሳጣዎትን ስሜት እንደ ድክመት አይቁጠሩት፤ ወደፊትም ያስፈልግዎታል። አስተማሪዎ የተናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም በየዎርዱ ዘወትር የሚሰሙ ስለሆኑ በየተራ እንያቸው።

በመጀመሪያ «ለትምህርት ፈቅዷል» የሚለውን እንውሰድ። ታካሚው ወደዚያ የመጣው ለመዳን ነው። ተማሪዎች በመምህር ተቆጣጣሪነት ሊያዩት፣ ሊጠይቁትና ሊመረምሩት እንደሚችሉ ተነግሮት ተስማምቶ ይሆናል፤ ይህ ስምምነት ግን አልጋው አጠገብ ተጀምሮ አልጋው አጠገብ የሚያበቃ ነው። ፎቶው የሰውየውን አካል እሱ በሌለበት፣ ለማያውቃቸው ሰዎች፣ ከዳነ ወይም ከሞተ በኋላም ጭምር ያሳያል። ለምርመራ የተሰጠ ፈቃድ ለፎቶ የተሰጠ ፈቃድ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለፎቶ የሚሰጠው ፈቃድም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። የቁስሉን ለውጥ ለመከታተል ተነስቶ በሕክምና መዝገቡ ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ አንድ ነገር ነው፤ ያው ፎቶ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ሲታይ ሌላ ነው፤ በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ሲታተም ሌላ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ደግሞ ከሁሉም ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ የሚሰበስበው የለምና። የብሪታንያ ሐኪሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ2002 ባወጣውና በ2011 ባሻሻለው መመሪያ፣ ከመነሻው ለማስተማር ተብሎ ለሚነሳ ምስል አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ለሕክምናው ተብሎ የተነሳን ምስል በተመለከተም፣ ምንም የማይመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ታካሚውን ሊያሳውቁ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። እርስዎ ያነሱት ፎቶ ከመጀመሪያው ለግሩፑ የታሰበ ነበርና ጥያቄው መቅደም ነበረበት።

ወደ «ፊቱ አይታይም» ስመለስ የራሴን ልንገርዎት። ወጣት መምህር ሳለሁ ክፍል ውስጥ የአንዲት ሴት የክንድ ቁስል አሳይቼ ነበር። ፊቷ በፎቶው ውስጥ አልነበረም፤ ስሟንም አላነሳሁም። ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ አንዲት ተማሪ ወደ ኋላ ቀረችና፣ ከቁስሉ ከፍ ብሎ ከሚታየው የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ የተነሳ አክስቷ መሆኗን እንዳወቀች ነገረችኝ። አክስቷ መታመሟን ለቤተሰቡ አልተናገረችም ነበር። ተማሪዋ አልተቆጣችም፤ «እሷ ታውቃለች?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አታውቅም ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ከዚያች ቀን ወዲህ የምሰጠው ትምህርት ሁሉ ከዚያች ጥያቄ በኋላ የተሰጠ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰውን የሚያሳውቀው ፊት ብቻ አይደለም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የትውልድ ምልክት፣ ቀለበት፣ የተቆረጠ ጣት፣ ከአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለ ካርድ ሁሉም ያሳውቃሉ፤ ሕመሙ ብርቅ ከሆነ ደግሞ ራሱ ሕመሙ ስም ነው። ድሮ ዓይን ላይ ጥቁር መስመር አስምሮ ማተም እንደ በቂ ጥንቃቄ ይቆጠር ነበር፤ የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ግን ዓይንን መሸፈን ማንነትን ለመደበቅ እንደማይበቃ በግልጽ ጽፏል። በአሜሪካ በ1996 በወጣው የጤና መድን ሕግ መሠረት የተደነገገው የምስጢር ደንብ ከሕክምና መረጃ ላይ መወገድ ያለባቸውን 18 መለያዎች ይዘረዝራል። ሰዎች ከዝርዝሩ የሚያስታውሱት ሙሉ የፊት ፎቶን ነው፤ የዝርዝሩ መጨረሻ ግን ማናቸውንም ሰውየውን ለይቶ የሚያሳውቅ ቁጥር፣ ምልክት ወይም ባሕርይ ያጠቃልላል። የአክስትየዋ ጠባሳ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ስልኩም የራሱን ይጨምራል። በስልክ የሚነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም የቦታውን መገኛ በውስጡ ይዞ ይቀመጣል። እርስዎ ሳያዙት ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከቤተሰብ ፎቶዎች ጋር ተቀላቅሎ ልጆች የሚያገላብጡት ስልክ ውስጥ ይተኛል። ግሩፑ ላይ ደግሞ ስንቱ እንዳወረደውና ለማን እንዳስተላለፈው ማወቅ አይቻልም። ታካሚን በግል ስልክ ማንሳት ፈቃድ ቢገኝም እንኳ መልካም አይመስለኝም፤ ተቋሙ የራሱ ካሜራና የተጠበቀ ማስቀመጫ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ምን ያድርጉ? ፎቶውን ከግሩፑ፣ ከስልክዎና ከመጠባበቂያ ማከማቻው ያጥፉ፤ ያወረዱት ጓደኞችዎም እንዲያጠፉ በግልጽ ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ታካሚው ይሂዱ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሊያስቀሩት ግን አይገባም። ቁስሉን ፎቶ አንስተው ለተማሪዎች እንዳካፈሉ፣ አስቀድመው መጠየቅ ይገባዎት እንደነበር፣ አሁን እንዳጠፉትና ይቅርታ እንደሚጠይቁ በአጭሩ ይንገሩት። ሰበብ አይደርድሩ። ቢቆጣ መብቱ ነው፤ አቤት ማለት ቢፈልግ ወዴት እንደሚሄድ ያሳዩት። እዚያው ቆመው «ታዲያ አሁን ይፈቅዱልኛል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ በይቅርታ መካከል የሚቀርብ ልመና ይቅርታውን ያበላሸዋል።

አስተማሪን መቃወም ለተለማማጅ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2010 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት አራት የነርስ ተማሪዎች ከእንግዴ ልጅ ጋር የተነሱትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ በመለጠፋቸው ከትምህርት ተባረው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዷ ከሳ በ2011 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ አዘዘ። ፎቶው ላይ የማንም መለያ አልነበረም። ያ ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም የሚከራከረው ስለ ተማሪዎቹና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የሚያስተምሩት ሰዎች ስለ ካሜራ አስቀድመው ምን አስተምረዋቸው እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሌላ ቀን ተመሳሳይ ትእዛዝ ሲደርስዎ ክርክር ውስጥ ሳይገቡ፣ «እሺ፤ ጠይቄው ከፈቀደ አነሳለሁ» ይበሉ። ይህን የሚቃወም አስተማሪ መቃወሙን ጮክ ብሎ መናገር ይኖርበታል፤ አብዛኛው ያን አያደርገውም።

ጥያቄ፦ የዛሬ ዓመት ለቆዳ ሕመም ስታከም ሐኪሙ ስድስት ተማሪዎች ከበውኝ፣ ልብሴን አውልቄ በተኛሁበት፣ ካሜራውን በእጃቸው ይዘው «ለትምህርት አንድ ፎቶ ብናነሳዎት ቅር ይልዎታል?» አሉኝ። አይለኝም አልኳቸው። አሁን ግን ማን እያየው ይሆን ብዬ ባሰብኩ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። በአፌ ፈቅጄ ሳበቃ ልሽረው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅብዎትም። ወደ ሆስፒታሉ የታካሚዎች ጉዳይ ክፍል ወይም ወደ ሐኪሙ በጽሑፍ ማመልከት ይበቃል፤ የታከሙበትን ቀንና ክፍል ጠቅሰው፣ ፎቶው ከማስተማሪያ ስብስቡ እንዲወጣና መውጣቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ይጠይቁ። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ፈቃድን መሻር ፈቃድን መስጠት ያህል ቀላል መሆን አለበት ይላል፤ ያ ሕግ ባይደርስዎም አስተሳሰቡ የማንኛውም ሕሊና ያለው ተቋም መመሪያ ሊሆን ይገባል። አንድ ገደብ ግን ሊነገርዎት ይገባል። ፎቶው በሕክምና መዝገብዎ ውስጥ የሕክምናው አካል ሆኖ ከተያያዘ እዚያ ሊቆይ ይችላል፤ ታትሞ ወጥቶ ከሆነም ከአንባቢ እጅ መሰብሰብ አይቻልም፣ ከዚህ በኋላ እንዳይታተም ማድረግ እንጂ። ይህ ገደብ መነገር የነበረበት ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ነበር።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ረጅም ጊዜ ያሰብኩት ግን ስለ መሻሩ ሳይሆን ስለ ጥያቄው አቀራረብ ነው። እርስዎ የሰጡትን መልስ ፈቃድ ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ። «ቅር ይልዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ማለት አለበት፤ ይህም ሐኪሙን መክሰስ ይመስላል። በዚያ ላይ ራቁትዎን ነበሩ፤ እነሱ ለብሰዋል። እርስዎ ተኝተዋል፤ እነሱ ቆመዋል። መድኃኒቱን የሚያዝልዎት ሰው ነው የሚጠይቅዎት፤ ካሜራው ደግሞ ቀድሞ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ የሚመልሰው ሰውየው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። ሐኪሙ ክፉ አስበው ነው አልልም፤ ምናልባትም በትሕትና የጠየቁ መስሏቸዋል። ትሕትና ግን የጥያቄን ክብደት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም እምቢ ማለትን ይበልጥ ያከብደዋል።

ለመምህራን ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምናገረው ይህንኑ ነው፦ ፈቃድ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው «አይሆንም» ማለት ምንም የማያስከፍል ሲሆን ነው። ይህ እንዲሆን ታካሚው ለብሶ፣ ተቀምጦ፣ ብቻውን ወይም ከሚያምነው አስታማሚ ጋር ሆኖ መጠየቅ አለበት። ካሜራው በዓይን መታየት የለበትም። ከተቻለ የሚጠይቀው ሰው የሚያክመው ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። ምን እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥና እስከ መቼ እንደሚቆይ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ሳይፈቅድ ቢቀር ሕክምናው በምንም እንደማይለወጥም በቅድሚያ ይሰማ። ጥያቄው ራሱ ሁለቱንም በር እኩል ይክፈት፤ ለምሳሌ «ፎቶ ቢነሱ ይመርጣሉ ወይስ ባይነሱ? ሁለቱም ይቻላል፤ ነገ ቢነግሩኝም ይበቃኛል» ማለት ይቻላል። አስቦ በማግሥቱ የፈቀደ ሰው ከዓመት በኋላ እንደ እርስዎ አይሸማቀቅም።

ጥያቄ፦ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ለተማሪዎች የራጅ፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎችን አሳያለሁ። እነዚህ የሰውን ፊት ስለማያሳዩ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም ብዬ አምናለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ በአብዛኛው ልክ ነዎት። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የብሪታንያ መመሪያም የራጅ፣ የአልትራሳውንድ፣ የውስጥ አካላትና የማይክሮስኮፕ ምስሎችን ማንነት የማያሳውቁ እስከሆኑ ድረስ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ለማስተማር እንዲውሉ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ «ማንነት የማያሳውቁ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በራሱ አይሟላም። በምስሉ ጠርዝ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ይታተማል፤ ይህን ቢቆርጡትም የዲጂታል ምስሎቹ ፋይል፣ ዳይኮም የሚባለው፣ የታካሚውን ስም፣ የትውልድ ቀንና መለያ ቁጥር በውስጡ ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ ፋይሉን እንዳለ ከመስጠት ይልቅ መረጃው የተወገደለትን ቅጂ ይስጡ።

የጭንቅላት ኤምአርአይን በተመለከተ ደግሞ «ፊት አያሳይም» የሚለው አይሠራም። በ2019 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ84 በጎ ፈቃደኞች የጭንቅላት ኤምአርአይ የፊት ቅርጽን በኮምፒውተር መልሰው ሠርተው፣ ለማንኛውም ሰው በሚሸጥ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ከፎቶዎቻቸው ጋር ሲያስተያዩት 83 በመቶውን በትክክል ለይቷል። አንድ ቁራጭ ምስል ስላይድ ላይ ማሳየት ይህን አደጋ አያመጣም፤ ሙሉውን ፋይል ማካፈል ግን ፊቱን አብሮ ማካፈል ነው። የፊቱን ክፍል ከፋይሉ የሚፍቁ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ይጠቀሙባቸው።

ጥያቄ፦ ለሠላሳ ዓመታት የቆዳ ሕመሞችን አስተምሬአለሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ የጽሑፍ ፈቃድ የላቸውም፣ ብዙዎቹ ታካሚዎችም በሕይወት የሉም። የተቋማችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስብስቡን ከጥቅም ውጭ ላደርገው ነው ይላል። በመጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ምስሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው፤ የእኔ ስብስብ ከጠፋ ተማሪዎቼ በጥቁር ቆዳ ላይ ሕመምን የሚለዩበት ምን ይቀራቸዋል? ጥንቃቄው ራሱ ሌሎች ታካሚዎችን አይጎዳም?

መልስ፦ ውድ ባልደረባዬ፣ ስጋትዎ እውነት ነው፤ ከኮሚቴው መልስ የተሻለ መልስም ይገባዋል። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታይ ብግነት በጥቁር ቆዳ ላይ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ጠቆረ ቡናማ ያደላል፤ «ቀይ ሽፍታ ፈልግ» ተብሎ የተማረ ሐኪም ዓይኑ እያየ ሊያልፈው ይችላል። በ2020 በለንደን ሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ከሁለት መምህራኑ ጋር ሆኖ የሕመም ምልክቶች በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚታዩ የሚያስረዳ መመሪያ ያዘጋጀው ይኸው ጉድለት በራሱ ትምህርት ውስጥ ስለገጠመው ነው። ምስል በማጣት የሚጎዳ ታካሚ አለ፤ ይህን የማይቆጥር ሥነ ምግባር ጎደሎ ነው።

ሆኖም የሕክምና ፎቶ ያለ ፈቃድ የተጓዘበትን መንገድም አብረን እናስታውስ። የፎቶ ጥበብ በ1839 ለሕዝብ ከተገለጸ በኋላ ሐኪሞች ወዲያው ተቀበሉት። በ1850ዎቹ በእንግሊዝ የሱሪ አውራጃ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ የሴቶች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሂዩ ዌልች ዳይመንድ ሕሙማኑን እያነሱ ፊታቸው ሕመማቸውን ይናገራል ብለው ያስተምሩ ነበር። በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ዣን ማርተን ሻርኮ በሚመሩት ክፍል የተነሱት ፎቶዎች ደግሞ ከ1876 ጀምሮ ታትመው በመላው አውሮፓ ተሠራጩ። በእነዚያ ገጾች ላይ በብዛት የምትታየው ኦገስቲን በሚል ስም የምትታወቀው ልጅ በ1875 ወደ ሆስፒታሉ ስትገባ ገና ታዳጊ ነበረች፤ በ1880 የወንድ ልብስ ለብሳ አምልጣ ወጣች። ፎቶዎቿ ግን እዚያው ቀሩ፤ እኛም እስከ ዛሬ እናያቸዋለን። ይህን የማነሳው የእርስዎን ስብስብ ከዚያ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ማምለጥ የቻለች ሴት እንኳ ከምስሏ ማምለጥ እንዳልቻለች ለማሳየት ነው።

የሞቱትን በተመለከተ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃለ መሐላ በ1948 ሲጸድቅ ታካሚው የነገረንን ምስጢር ማክበርን ይዞ ነበር፤ በ1968 ደግሞ «ታካሚው ከሞተ በኋላም ቢሆን» የሚለው ተጨመረበት። ስለዚህ ሞት ፈቃድን አይተካም። በሌላ በኩል ሁሉንም ማቃጠል ትክክል ነው ብዬ አላምንም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ስብስቡን ለብቻዬ ሳይሆን ከአንድ ነርስ፣ ከአንድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባልና ከተቻለ ከታካሚዎች ወገን ከሆነ ሰው ጋር ተቀምጬ አንድ በአንድ አየው ነበር። ፊት ወይም ሌላ ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር ያለበትን፣ እርቃንን ወይም ውርደትን የሚያሳየውን፣ ሕፃናት ያሉበትንም ያለ ክርክር አወጣለሁ። ታካሚው በሕይወት ካለና ከተገኘ ዛሬም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መጠየቃቸው ያስደሰታቸው ሰዎች ገጥመውኛል። ከቁስል ወይም ከሽፍታ በቀር ምንም የማያሳይ፣ በሌላ ሊተካ የማይችል ምስል ካለ፣ በመምህሩ እጅ ብቻ ተይዞ ክፍል ውስጥ እየታየ፣ ለማንም ሳይባዛና ኢንተርኔት ላይ ሳይወጣ፣ ፈቃድ ያለው ምስል እስኪገኝለት ድረስ እንዲቆይ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ። ሲታይም ያለ ፈቃድ የተነሳ መሆኑ ለተማሪዎቹ ይነገራቸው። ይህን መስማታቸው ከምስሉ ያልተናነሰ ያስተምራቸዋል።

ከዚያ አዲሱን ስብስብ መገንባት ይጀምሩ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ያሉ ምስሎች እጥረት መፍትሔው እዚህ ላይ ነው። ባልተጠየቁ ሰዎች አካል የመጻሕፍትን ጉድለት መሙላት፣ በመጻሕፍቱ የተዘነጋውን ሕዝብ ሁለተኛ መበደል ይሆናል። በልምዴ ሲታይ፣ ምክንያቱ በወጉ የተነገራቸው ታካሚዎች ብዙ ጊዜ በደስታ ይፈቅዳሉ፤ «የእኔን ዓይነት ቆዳ ያላቸው ሰዎች ቶሎ እንዲታወቅላቸው» የሚለው ምክንያት ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለታካሚውም ትርጉም አለው። በዝግጅት የተነሳ ፎቶ ደግሞ ለትምህርትም ይበልጣል። ራውንድ ላይ በጥድፊያ የተነሳ ምስል ብርሃኑ የቆዳውን ቀለም ያበላሸዋል፤ መጠኑ አይታወቅም፤ ከጀርባው የሌላ ታካሚ አልጋ ይገባበታል። ወጥ ጨርቅ ከጀርባ፣ ማስመሪያ ከጎን፣ የቀለም መመዘኛ ካርድ፣ ተመሳሳይ ርቀትና ብርሃን፣ የማይፈለገው አካል በሙሉ የተሸፈነ፤ እንዲህ ሲሆን ታካሚውም ይከበራል፣ ተማሪውም ያያል።

ፎቶን ጨርሶ የሚተካ ነገር ይኖር እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። የፓሪሱ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዳ ሕመሞችን በሰም ቅርጽ ያስተምር ነበር፤ ስብስቡ በ1889 ቤተ መዘክር ተከፍቶለት አሁንም አለ። ግን እነዚያም ቅርጾች የተወሰዱት ከሕሙማን አካል ላይ ነው፤ ጥያቄው በሰምም ቢሆን አልቀረም። ሥዕልና ሰው ሠራሽ ሞዴል ለብዙ ነገር ይረዳሉ፤ የእውነተኛን ሽፍታ ልዩ ልዩ መልክ ግን የሚያሳየው የእውነተኛ ሰው ቆዳ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅን መማር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ የተወለደው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነው። ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ቀጠሮ ይዘናል። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ፎቶውን አንስተው ለተማሪዎች ማስተማሪያና ለሆስፒታሉ ድረ ገጽ ለመጠቀም የሚፈቅድ ቅጽ ሰጡኝ። እምቢ ብል ቀዶ ሕክምናው እንዳይዘገይበት እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ በመጀመሪያ ፍርሃትዎን ለሐኪሙ እንደጻፉልኝ አድርገው ይንገሯቸው። ቀዶ ሕክምናው ከፎቶው ጋር እንደማይያያዝ ከአንደበታቸው መስማት መብትዎ ነው፤ ቅጹ ላይም ተጽፎ ሊያዩት ይገባል።

በአንድ ፊርማ የተጠየቁት ቢያንስ ሦስት ነገር ነው፤ ይለያዩት። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ለሕክምና መዝገቡ የሚነሳው ፎቶ ልጅዎን ራሱን ይጠቅመዋል፤ ሐኪሞቹ ውጤቱን የሚያነጻጽሩትና ወደፊት ተጨማሪ ሕክምና ቢያስፈልገው የሚመለከቱት እሱን ነውና ይህን ቢፈቅዱ ጥሩ ነው። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ማሳየቱን ልብዎ ከወደደው መፍቀድ፣ ካልወደደው መተው ይችላሉ። የዚህ ሕመም ትምህርት ፊትን ሳያሳዩ አይሰጥም፤ ስለዚህ ማንነቱ ይደበቃል ብለው ሳይሆን፣ የሚያዩት ሰዎች በሙያ ምስጢር የታሰሩ ናቸው ብለው ነው የሚፈቅዱት። ለድረ ገጹ ግን፣ እኔ ብጠየቅ፣ አልፈርምም። ይህ ማስተማር ሳይሆን ማስተዋወቅ ነው። ልጅዎ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ፊቱ የት የት እንዳለ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ጠባሳውን ማን እንዲያውቅ እንደሚፈልግ የሚወስነው እሱ እንዲሆን ዛሬ ቦታውን ይጠብቁለት። ወላጅ ለሕፃን የሚሰጠው ፈቃድ በአደራ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ለማስተማሪያ ከፈቀዱም፣ ልጁ ነገሩን ለመረዳት ሲበቃ እንዲጠየቅ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ደግሞ በራሱ ፊርማ እንዲያጸናው ወይም እንዲሽረው የሚል ቃል ቅጹ ላይ እንዲጨመር ይጠይቁ። ለመዝገብ፣ ለክፍል ትምህርት፣ ለኅትመትና ለኢንተርኔት ለየብቻ የሚፈረምበት ቦታ ከሌለው፣ የማይፈልጉትን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዘው አጠገቡ ይፈርሙ፤ ቅጂውንም ይቀበሉ።

ቅጹን ዛሬ አይፈርሙት። ወደ ቤት ይውሰዱት፤ ከአባቱ ጋር ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ያልገባዎትን በወረቀት ጽፈው ይመለሱ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ግን እንደተያዘ መሆኑን ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት ከቀጠሮ ክፍሉ ያረጋግጡ።